ስትሮክ የመታውን ሰው ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

አባዬን ስትሮክ የመታው በግራ የአንጎሉ ክፍል ስለነበር ቀኝ እጁና ንግግሩ አብረው ተያዙ። ከሆስፒታል ስንመለስ አራት ኪሎ ያለው ሳሎናችን በጠያቂ ተሞላ። ስለ ግፊት መድኃኒትና ስለ ጨው የማይመክር አልነበረም። ስለ ጠባዩና ስለ ስሜቱ ግን ማንም አላነሳም፤ የተሳሳትነውም እዚያው ላይ ነው። አብዛኛው ስህተታችን ደግሞ ከፍቅር የመጣ ነበር።

«ተዉት፣ እኔ ላጉርሰው።» ትልቁ ይሄ ነው። እማዬ ታጎርሰዋለች፣ እህቴ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፣ እኔ ጫማውን አስራለሁ። ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሮ የነበረው ቀኝ እጅ በሦስት ወር ውስጥ ጭኑ ላይ እንደተጣለ ዕቃ ሆነ። ሰውየው እጁን ሞክሮ ሲያቅተው፣ ሌላ ሰው ወይም ደህናው እጅ ሲሠራለት፣ አንጎሉ ያንን እጅ መተው ይለምዳል። ጉዳቱ ሻል ሲለው እንኳ አይሞክርም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ ይህን መጀመሪያ በጦጣዎች ላይ አይቶ ነው ሕክምናውን ያበጀው፦ ደህናው እጅ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ወፍራም ጓንት ይገባል፣ ደካማው ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለሰዓታት ይሠራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች ተከታትሎ፣ ለውጡ ከዓመት በኋላም እንዳለ አሳይቷል። ግን ለሁሉም አይሆንም፤ የእጁ አንጓና ጣቶቹ ጥቂትም ቢሆን መንቀሳቀስ መቻል አለባቸው። ስለዚህ ጓንቱን ከመግዛታችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቁ።

እኛ ጓንቱን ትተን በሲኒ ጀመርን። ባዶ ሲኒ ከረከቦት ላይ ማንሳትና መልሶ ማስቀመጥ፣ በቃ። የመጀመሪያው ቀን አራቴ ሞከረ፤ ሁለቴ ወደቀበት፣ አንዱ ተሰበረ። እማዬ ልትነሳ ስትል እህቴ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ደስ ሲለው ራሱ ይወጣል።» አይወጣም። ከስትሮክ በኋላ ከ3 ሰዎች 1 ገደማ ድባቴ ይይዘዋል፤ ድባቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደው ፍላጎትን ነው። ፍላጎት እስኪመጣ መጠበቅ ያልተሳፈርንበትን ታክሲ ይደርሳል ብሎ እንደመጠበቅ ነው። በድባቴ ሕክምና ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ትንሽ ሥራ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ስሜቱ ኖረም አልኖረም። ጠዋት 3 ሰዓት እስከ በሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ሱቁ። አባዬ ድሮ ማኪያቶ የሚጠጣበት የፒያሳ ቤት በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፣ ጓደኞቹም ተበትነዋል፤ ያንን የሚተካ ነገር ማግኘት ነበረብን። አንዱ ጓደኛው ማክሰኞና ዓርብ እየመጣ ዳማ ይጫወቱ ጀመር፣ በቆርኪ። ቀኝ እጁ ቆርኪ ይገፋል፣ ምላስ አያስፈልግም።

«ምን ጎደለህ? ተመስገን በል።» ይሄ ቃል ድባቴ ለያዘው ሰው ዝም በል ማለት ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ በአማርኛም የተዘጋጀ የ9 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ፤ ሐኪሙ እንዲሞላለት ጠይቁ። መናገር ለተሳነው ግን እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ልምምዱን እንቢ ማለቱን ማየት ነው። ደግሞ ሳያዝን የሚያለቅስ፣ ሳያስቀው የሚስቅ አለ፤ አባዬ ለቅሶ ላይ ስቆ አሳፍሮን ያውቃል። ይህ ድባቴ ሳይሆን የስሜት መቆጣጠሪያው መጎዳት ነው። መቆጣትም አብሮ ማልቀስም አያስፈልግም፤ ወሬውን ቀየር ማድረግ ይበቃል።

እሱ እያለ ስለ እሱ ማውራትስ? ንግግር የጠፋበት ሰው አእምሮው ጠፋ ማለት አይደለም። አዎ ወይም አይ የሚባልበትን ጠይቁት፤ ጊዜ ስጡት። ውሃ የሚለው ቃል አልወጣ ያለው አባዬ መዝሙር ሲከፈት ስንኙን ያዜም ነበር።

«አማኑኤል ልትወስዱት ነው እንዴ?» አክስቴ ናት፣ በሹክሹክታ። የአእምሮ ሕክምና ጥቁር አንበሳም ዘውዲቱም አለ፣ አማኑኤል መሄድም ነውር የለውም። ስለ መድኃኒት አንድ ነገር፦ ፍሉኦክሰቲን ለድባቴ ይረዳል እንጂ እጅ አያነሳም። በእንግሊዝ ስትሮክ በመታቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አካላዊ ለውጥ አላገኘበትም፣ የአጥንት ስብራትም በዝቶ ታይቷል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ የግፊቱን ኪኒን ግን አያቋርጥ።

በመጨረሻ የሠራነው ስህተት ዳማው ላይ ነው። ጓደኛው አዝኖለት ሆን ብሎ ይሸነፍለት ነበር። አባዬ ነቃበት፤ ሰሌዳውን በቀኝ እጁ ገልብጦ ቆርኪዎቹን ሶፋው ሥር በተናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አይለቅለትም። ባለፈው ዓርብ 3 ለ 1 ተሸንፎ፣ ራቱን በልቶ፣ እንደተናደደ ተኛ።