ከባድ የቴርሞዳይናሚክስ ጥያቄ እንዴት ይፈታል? ፎርሙላው ይቆይ

አዳማ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎችን ሳስጠና ሁሌ የማየው ነገር አለ። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እስክሪብቶ ፎርሙላ ላይ ነው። የበሰሉት ግን ቶሎ አይጽፉም። እ.ኤ.አ. በ1981 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ ይህን በጥናት አሳይተዋል፤ ጀማሪ የፊዚክስ ጥያቄን በሚታየው ዕቃ ይመድባል፣ ባለሙያ ደግሞ ከሥሩ ባለው ሕግ።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንያዝ። ሙቀት የማያሳልፍ፣ ግድግዳው የማይንቀሳቀስ ሳጥን አለ። ስስ ፕላስቲክ ለሁለት እኩል ከፍሎታል። በአንዱ በኩል 1 ሞል አይዲያል ጋዝ (ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የማይሳሳቡ ተብሎ የሚታሰብ ጋዝ) በ300 ኬልቪን፣ በሌላው በኩል ባዶ። ፕላስቲኩ ተቀደደ። ጋዙ ሲረጋ ስንት ኬልቪን ይሆናል?

መጀመሪያ ሥዕሉን ሳሉ። ከዚያ ሲስተማችሁን፣ ማለትም የምታጠኑትን ክፍል፣ በነጠብጣብ መስመር ክበቡ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ግማሹ ሥራ ይኸው ነው። ጋዙን ብቻ ብትከቡ መስመሩ አብሮ እየሰፋ ያስቸግራችኋል። ባዶውን ጨምራችሁ ሳጥኑን በሙሉ ክበቡት።

ቀጥሎ፣ መስመሩን ምን ያልፋል? ሙቀት አያልፍም። ግድግዳው ስለማይንቀሳቀስ ሥራም (በመግፋት የሚተላለፍ ኢነርጂ) የለም። ስለዚህ ውስጣዊ ኢነርጂው አልተለወጠም። የአይዲያል ጋዝ ውስጣዊ ኢነርጂ ደግሞ የሚወሰነው በመጠነ ሙቀት ብቻ ነው። መልሱ ያው 300 ኬልቪን።

ስንቱ ጎበዝ ነው እዚህ የሚወድቀው! "ሙቀት አያሳልፍም" የሚለውን ሲያይ የአዲያባቲኩን (ሙቀት ሳይገባ ሳይወጣ የሚሰፋ ጋዝን) ፎርሙላ ይመዝዛል። ጋዙ ናይትሮጅን ከሆነ 227 ኬልቪን ያወጣል። ያ ፎርሙላ ግን የሚሠራው ጋዙ ቀስ ብሎ፣ ሊመለስ በሚችል መንገድ ፒስተን እየገፋ ሲሰፋ ነው። የኛ ጋዝ ምንም አልገፋም። በራሱም ወደ ግማሹ አይመለስም። ስለዚህ ፎርሙላ ከማንሳታችሁ በፊት "ይህ ነገር ይመለሳል ወይ?" በሉ።

ኢንትሮፒ (ኢነርጂው ምን ያህል እንደተበታተነ የሚለካ መጠን) ከተጠየቃችሁስ? ኢንትሮፒ መንገዱን አያይም፣ መነሻና መድረሻውን እንጂ። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ እናንተ ፍጠሩ፦ ጋዙ 300 ኬልቪን ላይ ሆኖ ቀስ እያለ እጥፍ ይስፋ። ኢንትሮፒው 5.76 ጁል በኬልቪን ጨምሯል።

በመጨረሻ ቁጥሩን ከምታውቁት ጋር አስተያዩት። ለምሳሌ አዳማ ላይ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል ተብላችሁ እንደሆነ፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትበልጣለች፤ እዚህ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 100 ብላችሁ ከሆነ የባሕር ጠለልን ግፊት ወስዳችኋል። የአዳማን ግፊት ይዛችሁ የውሃ መፍያ ሰንጠረዡን እንደገና ክፈቱ።