ትምህርት ቤታችሁ በርቀት ማስተማር ይችላል? ከመወሰናችሁ በፊት እንዲህ አጥኑ

ከታብሌት ግዢ አትጀምሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በርቀት ማስተማር ይችል እንደሆነ የሚታወቀው ተማሪው ቤት ነው እንጂ አይሲቲ ክፍል ውስጥ አይደለም።

መጠይቁን በቴሌግራም አትበትኑ፤ የሚመልስላችሁ ኔት ያለው ብቻ ነው። በወረቀት፣ ክፍል ውስጥ አስሞሉ። «ቤታችሁ ስልክ አለ?» የሚል ጥያቄም ብዙ አይጠቅምም፣ አብዛኛው «አለ» ይላል። ስልኩ የማን ነው? ስማርት ነው ወይስ ባለ ቁልፍ? ባለቤቱ ስንት ሰዓት ቤት ይገባል? አባት ስልኩን ይዞ ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ከሆነ፣ ቤት ደግሞ ሦስት ተማሪዎች ተራ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ካርድ የሚሞላው ማነው? ሬዲዮስ አለ? መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል? ሴቶቹን ደግሞ ለብቻ አነጋግሯቸው፤ ቤት የዋለች ልጅ ውሃ ቅጂ፣ እንጀራ ጋግሪ ሳትባል አትውልም፣ ይሄን ደግሞ ወንዶች ፊት አትናገረውም።

ቀጥሎ የቆዩ መምህራንን ጠይቁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ አዲስ አበባ ላይ በቴሌግራም ጭምር ተሞክሯል። እናንተ ጋ ማን ተከታተለ? ማን በዚያው ቀረ? በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት እንደተቋረጠም አትርሱ፣ ስለዚህ ያለ ኔት የሚሄድ ሁለተኛ መንገድ የሌለው ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የገባውን ፕላዝማም (ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት) የሚያስታውስ አይጠፋም። ስርጭቱ ከሳተላይት ስለሚመጣ ተማሪው ባይገባውም «ቆይ፣ ድገሙልኝ» ማለት አይቻልም ነበር፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው።

ከዚያ በትንሹ ሞክሩት። አንድ የክፍል ደረጃ፣ አንድ ትምህርት፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል። አንዱ ሴክሽን በቴሌግራም ይማር፣ ሌላው በየሳምንቱ የታተመ ወርክሺት ወስዶ ሠርቶ ይመልስ፣ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ፈተና ፈትኑ። (በኔ ግምት ወረቀቱ ብዙ ቦታ ያሸንፋል፣ ግን እናንተ አይታችሁ ፍረዱ።) ወጪውን ለአንድ ተማሪ አስሉት፦ ወረቀት፣ ቀለም፣ የመምህሩ ዳታ። የመምህሩን ዳታ ሁሉም ይረሳዋል፣ ከኪሱ እያወጣ የት ድረስ ይዘልቃል?

ሙከራው ሳይጀመር አንድ ነገር ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ተስማሙ፦ ትምህርቱ ስንት ተማሪ ካልደረሰው እንተወዋለን? ቁጥሩን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት፤ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ማንም ቢሆን ውጤቱን አይቶ መስፈሪያውን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም።

ሪፖርቱን ወረዳ ስትልኩ በየሴክሽኑ ስንቱ እንዳልደረሳቸውና ለምን እንዳልደረሳቸው ዘርዝሩ። አንድ አማካይ ፐርሰንት ብቻ ከላካችሁ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት» ተብሎ ይመለስላችኋል።