የአንድ ቀን ጫጩት ለዶሮ ማስታቀፍ

አዳማ ላይ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታችሁ በአምፖል ልታሳድጉ ያሰባችሁ፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ምን ልታደርጉ ነው? ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የአዳማ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራውን ለሐበሻ ዶሮ ስጡት።

መታቀፍ ያማራት ዶሮ ካለቻችሁ፣ ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል ሦስት አራት አስታቅፏት። አውራ ስለሌለበት አይፈለፈልም፣ ማታለያ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ትቀመጥ። ትናንት የጀመረችው አትሆንም።

ከዚያ ጫጩቶቹን ግዙ። ድቅድቅ ሲል እንቁላሎቹን ቀስ ብላችሁ አንሱ (ተበላሽተዋል፣ ከተሰበሩ ሽታው ሌላ ነው!)። ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከክንፏ ሥር አስገቡ። እኔ መጀመሪያ በቀን ሞክሬ፣ አንዱን አናቱን ጠቅ ጠቅ አድርጋው ለትንሽ ነው የተረፈው።

ጫጩቶቹ ከሁለት ቀን በላይ ከሆናቸው እነሱም እሷን እሺ ላይሉ ይችላሉ። ጎህ ሲቀድ ሄዳችሁ እዩ፤ የምትነክስ ከሆነ ወዲያው ለዩአቸው። የውሃ ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ጣል አድርጉ፣ አለዚያ ይሰምጣሉ።