ቀለሃው ለሁለት ሲበጠስ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠመንጃ ሊያስጠግን ወደኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፍርዱን በር ላይ ጨርሶ ነው የሚገባው። «ጥይቱ ነው የከዳኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥይቱ የሌላ ዕዳ ነው የሚከፍለው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የፈቃድ ወረቀቱን ነው፤ አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለሱ መሣሪያ አልነካም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማየትና በጣት መዳሰስ ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነውና አልደግመውም።

አንገቱ ላይ በቁመት የተሰነጠቀ ቀለሃ፦ ናሱ ደርቋል፣ ወይ ደግሞ አሞኒያ በልቶታል። የጥይት ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ አሞኒያ ጠላቱ ነው። አሞኒያ ደግሞ ከብት በረት ውስጥ ሞልቷል። ከኩታበር በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ጥይታቸውን ከፍየሎቹ በላይ፣ ቆጡ ላይ በጨርቅ ጠቅልለው ዓመታት አስቀምጠውት ነበር። አንድም ሳይተኮስ ግማሹ ተሰንጥቋል። መፍትሄ የለውም፤ አይተኮስም። የቀረውን ከበረት አርቁ። ዝናር ውስጥም አታሰንብቱት፤ ቆዳው ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ማቀባበያውን ስትስብ የቀለሃው ቂጥ ብቻ ይወጣል፤ የፊቱ ግማሽ ውስጥ ይቀራል። ይሄ ነው እኔን የሚያሰለቸኝ።

ምክንያቱ ክፍተት ነው። እንደ ማውዘር ያለ ጠመንጃ ላይ ጥይቱ በትከሻው፣ ማለትም ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ተደግፎ ይቆማል፤ ከኋላው ማቀባበያው ይዘጋዋል። በመሃል ትርፍ ቦታ ካለ፣ ሲተኮስ የቀለሃው ስስ የፊት ክፍል የጥይት ማደሪያው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራሙ ቂጥ ግን ወደ ኋላ ይሸሻል። ናሱ በመሃል ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ልዩነቱ እኮ የወረቀት ውፍረት ያህል ሊሆን ይችላል።

ክፍተቱ ከየት መጣ? ከሐይቅ አካባቢ የመጡ ሰውዬ በማውዘራቸው ሦስት ቀለሃ በጥሰው ነበር።

«ወላሂ ልጄ፣ ከአባቴ ወዲህ የሌላ ሰው እጅ አልነካውም» አሉኝ።

ማቀባበያው ላይ ያለውን ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ጋር አስተያየሁት። አይገናኝም።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የወለወሉት?»

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። ለሰርግ ብለው ከወንድማቸው ጋር አንድ ሰሌን ላይ፣ በኩራዝ ነው የወለወሉት። ሁለቱ ማቀባበያዎች ተቀያይረዋል። ሁለቱም ይገባሉ፣ ሁለቱም ይዘጋሉ። ገባ ማለት ግን ልኩ ነው ማለት አይደለም! ወንድምየውም ተጠርተው መጡ፤ የየራሳቸውን መለስኩና ክፍተቱን በጌጅ (በልክ መፈተሻ) ለካሁት፣ ዳነ። (ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው፣ እርሳሱ ተመልሶ እንደሚወርድ የሚረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።)

ከመበጠሱ በፊት መያዝ ትችላለህ። የተተኮሰ ቀለሃ ውሰድ፤ ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካለ ጠርጥር። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፈህ አሹለው፣ በአፉ በኩል አስገብተህ ከውስጥ ግድግዳውን ፋቅ ፋቅ አድርግ። ሽቦው ጉድጓድ ላይ ያዝ ካደረገ ናሱ ሳስቷል። ሁሉንም ጣል። «አንድ ጊዜ እንኳን ይተኮስ» አይባልም።

ውስጥ የቀረውን ቁራጭ ሌላ ጥይት ጎርሰህ ለመግፋት አትሞክር። አትሞክር! የተበጠሰ ቀለሃ ማውጫ አለ፤ ከሌለህ ባለሙያ ዘንድ ውሰደው።

ማቀባበያው የራሱ ሆኖ ክፍተቱ ካልጠፋ በርሜሉ ይፈታል። በማውዘር 98 አንድ ሙሉ ጥርስ ወደ ኋላ ሲገባ 2.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የጥይት ማደሪያው በሪመር፣ ማለትም የማደሪያውን ቅርጽ ይዞ በሚልገው መቁረጫ፣ እንደገና በልኩ ይሠራል። በሪመር አልኩ። አንዱ የቶርኖ ሠራተኛ በትራፓኖ (በተራ መሰርሰሪያ) አስፍቶት የመጣ በርሜል አይቻለሁ። ቀለሃው ሲወጣ እንደ ዱባ አብጧል። ያንን በርሜል የሚያድን ሪመር የለም።

ጥይቱ ብርቅ ሲሆን ደግሞ ሰው የኤም ዋን (የጋራንድ ጠመንጃ) ቀለሃ ቆርጦ ለማውዘር ያዘጋጃል። ቂጣቸው ይቀራረባል፤ ርዝመታቸው 63 እና 57 ሚሊሜትር ስለሆነ ተቆርጦ ይበቃል። ወጥመዱ አንገቱ ላይ ነው። አዲሱ አንገት የሚሠራው ከድሮው ሆድ ነው፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። ካልተላገ እርሳሱን አንቆ ይይዛል፣ ግፊቱም ይንራል። አንገቱን በካሊብሮ ለካ። ናሱን ለማለስለስ ስታሞቅም አንገቱን ብቻ፤ ቂጡ ከሞቀ ቀለሃው የሞተ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጣውን ከሌላው አትቀላቅል። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለውን እንደገና ለመሙላት አትልፋ፤ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ማውጫው መርፌ ይሰበርብሃል።

አንድ ብርቅዬ ነገር፦ እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው የጀርመን ጠመንጃ የእርሳሱ ውፍረት 8.08 ሚሊሜትር ነው፤ ከ1905 በኋላ የመጣው ጥይት 8.2 ነው። የኋለኛው ጥይት አሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ሲጎርስ ሊገባ ይችላል። አትተኩሰው። ውጅግራ (የድሮው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ) ያለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1874 ብረት መሆኑን ያስታውስ፤ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፣ የዘመኑን ባሩድ አይችልም። ባለፈው አንዱ «ትንሽ ብቻ ልጨምርበት?» አለኝ። ወረቀቱን መለስኩለት፣ ጠመንጃውንም።