የእንቁጣጣሽ ፖስትካርድ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ በፖስታ ይላካል?

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች በቀለም የሳሉትን አበባና መልአክ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ፖስትካርድ ናት፤ የጎደላት ቴምብር ብቻ ነው። ታላቅ እህቴ ከአገር ከወጣች ወዲህ እኔም በየዓመቱ አንድ እየሳልሁ በፖስታ እልክላታለሁ። አሠራሩን እንደለመድሁት ላካፍልዎ። ካርዱ ለመስከረም 1 እንዲደርስ ነሐሴ እንደገባ ሥራውን መጀመር ይበጃል።

መጀመሪያ አድራሻ

አድራሻው ተሟልቶ እጅዎ ሳይገባ ወረቀት አይቁረጡ። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚልኩ ከሆነ የቤት ቁጥር፣ የጎዳና ስም፣ ከተማና የፖስታ ኮድ ይጠይቁ። ዱባይ ላለ ሰው ነገሩ እንደ እኛው አገር ነው፤ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚገባው በፖስታ ሣጥን ስለሆነ የአሠሪውን ወይም የመሥሪያ ቤቱን የሣጥን ቁጥር ማግኘት ያስፈልጋል። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩም ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፈው ፖስተኛ በር ያንኳኳል ብለው አይጠብቁ። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በሚሠራበት ቢሮ ወይም በዘመድ ሣጥን በኩል ይቀበላል፤ ስሙ ላይኛው መስመር ላይ ይጻፍና ከሥሩ የባለ ሣጥኑ ስምና የሣጥኑ ቁጥር ይከተላል።

የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር ለብቻው፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፍ። መልእክቱ በአማርኛ ቢሆን ማንንም አያስቸግርም፤ ወደ ውጭ ሲላክ አድራሻው ግን በላቲን ፊደል ወይም በተቀባዩ አገር ጽሕፈት መሆን አለበት።

ካርዱን መሥራት

መጻሕፍት መሸጫና ሆቴል ውስጥ የታተመ ካርድ ይገኛል። እኔ ግን በእጅ የተሠራውን እመርጣለሁ። አንድ ኤ4 ማኒላ ወረቀት በቁመቱም በወርዱም እኩል አጋምሰው ቢቆርጡት አራት ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 10.5 በ14.8 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ለፖስትካርድ የተለመደ ዓለም አቀፍ መጠን ነው። ተራ የመጻፊያ ወረቀት ብቻውን ስለሚተጣጠፍ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፉት።

በአንደኛው ገጽ ይሳሉ፤ ወይም ልጆች ያስሉ። በእርሳስና በእስክሪብቶ የተሳለ ሥዕል መንገዱን ይችላል፤ ሰም ያለው ቀለም ግን ሌላውን ደብዳቤ ያበላሻል። ከወረቀቱ በላይ ጎልቶ የሚወጣ ነገርም አይለጥፉ። አንድ ዓመት የደረቀ አደይ አበባ ለጥፌ ልኬ ነበር፤ እህቴ ዘንድ የደረሰው ቢጫ እድፍና የሙጫ ምልክት ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ካርዱን በሚሽከረከሩ ዘንጎች መካከል ጨምቆ እንደሚያሳልፈው ያን ጊዜ ገባኝ።

መጻፍ

ጀርባውን በመሐል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይክፈሉት፤ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻና ለቴምብር። ይህ አከፋፈል ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። የኦስትሪያና ሃንጋሪ ፖስታ እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያውን ፖስትካርድ ሲያወጣ አንዱ ገጽ በሙሉ ለአድራሻ ብቻ ነበር። በኋላ ሥዕል ያለው ካርድ ሲለመድም ላኪው መልእክቱን በሥዕሉ ዳርና ዳር ያጣብብ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1902 አድራሻና መልእክት አንድ ገጽ እንዲጋሩ ፈቀደች፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ግማሽ ገጽ ነው፤ የደብዳቤ ወጋችን ረጅም ነውና። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብለን ስንጨርስ ቦታው እያለቀ ነው። ይህን ሰላምታ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ግን ለደብዳቤ ይቆይ። ካርድ ላይ በቅርቡ ያዩትን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ። ዜና ማጠራቀምም፣ ሁሉንም ዘመድ በስም መጥራትም አይሞከር። አንድ ጊዜ እንዲህ ጽፌ ነበር፦

«እትዬ፣ ቡሄ ደርሶ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ እየገመዱ ነው። ትናንት አንዱ የእማዬን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈትቶ ሲወስድ ያዝነው። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ‹ያቺም ልጅ ለዝላይ ትወስድብኝ ነበር› አለች። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ።»

እህቴ ካርዱ ሲደርሳት ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለዚያ ገመድ ነው።

ካርዱ መሸፈኛ ስለሌለው በመንገድ የያዘው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የገንዘብ፣ የሕመም ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ አይጻፍበት፤ የግድ ከሆነም ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ቤተሰብ መላ አያጣም። የታተመና የሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ እጅ አያሳርፉ። ከአድራሻው በታች ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ይተዉ፤ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ማሽኑ የራሱን ምልክት የሚያትመው እዚያ ነው።

ቴምብርና ፖስታ ቤት

አዲስ አበባ ያሉ ከሆነ ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ይሂዱ፤ ሌላ ቦታ ያሉ በአቅራቢያዎ ወዳለው። የሚላክበትን አገር ተናግረው ለፖስትካርድ የሚበቃውን ቴምብር ይጠይቁ፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ የአምናውን ይዘው አይሂዱ። የሚያምር ቴምብር እንዲመርጡልዎ ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በቀኝ ላይኛው ጥግ ይለጥፉትና ማኅተሙ ጥርት ብሎ እንዲመታበት ይለምኑ። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እዚህ የተለጠፈ ቴምብር ካርዱን ባሕር አሻግሮ ተቀባዩ ድረስ የሚያደርሰው በዚህ የአገሮች ስምምነት ነው።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩ «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባለውን ክብ ቴምብር ይግዙ፤ አንዱ ለአንድ ፖስትካርድ ይበቃል። ተራ ካርድ የት እንደደረሰ መከታተል አይቻልም፤ ያ ከከነከነዎ በፖስታ አሽገው በአደራ ደብዳቤ፣ ማለትም ፖስታ ቤቱ መዝግቦ በሚቀበለው መንገድ ይላኩት። እኔ ከመላኬ በፊት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አነሣለሁ።

ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ለባለ ሣጥኑ ይደውሉና ሣጥኑን ከፍቶ እንዲያይ ያስታውሱት። ካርዶች ብዙ ጊዜ ደርሰው ሣጥን ውስጥ ሳምንታት ይከርማሉ።