ሃያተስ ሄርኒያ ያለበት ሰው ቃሩን እንዴት ይቀንስ?

የኢንዶስኮፒ (በካሜራ የሚደረግ የጨጓራ ምርመራ) ውጤትዎ ላይ «ሃያተስ ሄርኒያ»፣ ማለትም የጨጓራ የላይኛ ክፍል ወደ ደረት መሾለክ፣ የሚል ካዩ አይደንግጡ። ሳያውቀው ይዞት የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ቃር የሚያስቸግረው ሁሉ ሄርኒያ የለበትም፤ ሄርኒያ ያለበትም ሁሉ ቃር አያስቸግረውም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ቃሩ ይበረታል፣ ቶሎም አይለቅም።

ደረጃ 1፦ ምን እንደተበላሸ ይረዱ

ይህን አይዝለሉት፤ የቀረው ምክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የምግብ ቧንቧ ድያፍራም በሚባለው፣ ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ አልፎ ጨጓራ ላይ ይደርሳል። ታችኛው ጫፉ ላይ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀለበት መሳይ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይላላል፣ ምግቡ ሲያልፍ መልሶ ይጠብቃል። ብቻውን ግን አይሠራም። ድያፍራሙም ከውጭ ይጨብጠዋል። ስንስል፣ ስናጎነብስ ወይም ከባድ ዕቃ ስናነሳ የሆድ ግፊት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ዋናው አጋዥ ድያፍራሙ ነው።

ሄርኒያ ሲኖር የጨጓራው የላይኛ ክፍል በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ደረት ይወጣል። ቀለበቱም አብሮ ከፍ ይላል፣ ድያፍራሙ እታች ይቀራል። አንድ ላይ ይዘጉ የነበሩት ሁለቱ ተለያዩ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሾልኮ የወጣው ክፍል አሲድ ያቁራል። ቀለበቱ ገና ምራቅ ለመዋጥ ሲላላ፣ ያ አሲድ ተመልሶ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የሆድ ግፊትን ይቀንሱ

በአንዴ ጠግቦ ከመብላት ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል። ቀበቶ ላላ ይበል። የወደቀ ዕቃ ሲያነሱ ከወገብዎ ከሚያጎነብሱ ቁጢጥ ይበሉ። ሰውነት ከብዶ ከሆነ፣ ኪሎ መቀነስ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው። የሆድ ድርቀትና የቆየ ሳልም መታከም አለባቸው፤ ማማጥም ሆነ ማሳል ጨጓራውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ደረጃ 3፦ የሌሊቱን ነገር ያስተካክሉ

ከእራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። ትራስ መደራረብ ግን አይተካውም፤ እንዲያውም ሆድን አጥፎ ግፊት ይጨምራል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፣ ምክንያቱም ጨጓራው ከቧንቧው ዝቅ ስለሚል አሲዱ እዚያው ይቆያል።

ደረጃ 4፦ ቀለበቱን የሚያላሉትን ይለዩ

ሲጋራ፣ አልኮል፣ ቅባት የበዛበት ምግብ፣ ቸኮሌት። እኔ ረጅም የ«አትብላ» ዝርዝር አልወድም፤ የሚያቃጥልዎትን መዝግበው እሱን ብቻ ይተዉ። አንዳንድ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ቀለበቱን ያላላሉ፤ ለምሳሌ ኒፈዲፒን። በራስዎ ግን አያቋርጡ፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ

እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ቢወሰዱ ነው በደንብ የሚሠሩት። ብዙ ሰው ሲያቃጥለው ብቻ ይውጥና «አልሠራልኝም» ይላል። ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የላላውን ቀለበት አይጠግንም። ማቃጠሉ ጠፍቶ ፈሳሹ ጉሮሮ ድረስ መምጣቱን ካልተወ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ደረጃ 2 እና 3 መድኃኒት እየወሰዱም ይቀጥላሉ።

ደረጃ 6፦ ቤት የማይቆዩበትን ጊዜ ይወቁ

ምግብ ሲውጡ የሚይዝዎት ከሆነ፣ ደም ካስመለሰዎት፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳያስቡት ከከሱ ወይም የደም ማነስ ከተገኘብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ካለ «ቃር ነው» ብለው አይለፉት። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ልብ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ ቀዶ ሕክምና አለ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ዘዴ ዛሬም መሠረቱ ነው፦ ጨጓራው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የድያፍራሙ ቀዳዳ ይጠብባል፣ የጨጓራው የላይኛ ክፍል ደግሞ በቧንቧው ጫፍ ዙሪያ ይጠቀለላል። ከዚያ በፊት የቧንቧውና የቀለበቱ ግፊት ይለካል። የቧንቧው የመግፋት አቅም ደካማ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ዙሪያውን በሙሉ ሳይሆን በከፊል ብቻ ሊጠቀልለው ይችላል፤ አለዚያ ቃሩ ቢጠፋም መዋጥ ያስቸግራል።