ደረጃ ሥር የሚያለቅስ መጋዝ፦ በጠባብ ቦታ የኤሌክትሪክ ማሽን ሲያስቸግር

ባሕር ዳር ውስጥ የወጥ ቤት ቁምሳጥን ስገጥም ግማሹን ቀን የማሳልፈው ጭንቅላቴን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስገብቼ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሥራ ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። እኔ ግን ብሎን ከመፍታቴ በፊት ስፒናውን እነቅልና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እዳስሳለሁ።

መጋዙ እንጨት ሲነካ ይደክማል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ይግላል

ባለፈው ክረምት ሽምብጥ አካባቢ ደረጃ ሥር መደርደሪያ ስሠራ ይኸው ገጠመኝ። ሶኬቱ ያለው ሳሎን ስለነበር 30 ሜትር ማራዘሚያ አመጣሁ፤ ከጥቅሉ የፈታሁት ግን የሚበቃኝን ያህል ብቻ ነበር። ረዳቴ «ጋሼ፣ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል» አለኝ፤ ካርቦን ማለት ወደሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ጥንድ ቁራጭ ነው። ጥቅሉን ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,400 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይስባል። 30 ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ወደ 9 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ሲነሣ ወይም ጥርሱ ሲጨናነቅ ደግሞ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ጉድለቱም በዚያው ልክ ይሰፋል። ሞተሩ ሲንቀራፈፍ የራሱ ማቀዝቀዣ ማራገቢያም አብሮት ይንቀራፈፋል፤ የተጠቀለለው ገመድም ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስለሌለው ልባሱ እስከ መቅለጥ ይደርሳል።

ገመዱን እስከ መጨረሻው ፍቱት። ርቀቱ ረጅም ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያለውን ተጠቀሙ፤ ጉድለቱ ከሢሶ በታች ይወርዳል። የቤቱ እመቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥደው ከሆነም አትሟገቱ፤ ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። እንጀራው እስኪያልቅ ቡና መጠጣት ይሻላል።

ገመዱ ደህና ነው፣ ማሽኑ ግን ይሸታል

ቁምሳጥን ውስጥ ሰጋቱራው መውጫ የለውም። ማሽኑ የራሱን ብናኝና የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ አንዳንዴም የአየር መግቢያውን የሚደፍነው የያዥው መዳፍ ነው። ውጭ አውጥታችሁ ያለ ጭነት አንድ ሁለት ደቂቃ አሽከርክሩት፣ ከዚያም ነቅላችሁ ቀዳዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ። ካርቦን የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው፤ አጥሮ ከተገኘ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

ማሽኑ ወደ ጎን ሲዞር ይጠፋል፣ ሲቃና ይነሣል

ገመዱ እጀታው ውስጥ የሚገባበት አንገት ላይ ሽቦው ተቆርጧል። በጠባብ ቦታ ማሽኑ ከግድግዳ ጋር ስለሚጋፋ ገመዱ ሁልጊዜ እዚያው ይታጠፋል። በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፤ የተጎዳው ተቆርጦ ገመዱ እንደገና ይታሰር። ወደፊት ገመዱን በትከሻችሁ ላይ አሳልፉት፤ ከኋላችሁ ይከተል እንጂ ፊት ለፊት አይምጣ።

መጋዙ ይነክሳል፣ ወደ ሰው ይመለሳል

ይህ የሚያስፈራው ነው። በሐምሌ ዝናብ የራሰ የባሕር ዛፍ ጣውላ የተቆረጠበት ክፍተት ከመጋዙ ኋላ ገጥሞ ጥርሱን ሊይዝ ይችላል። ተቆራጩ ጫፍ ማረፊያ ካጣም እንዲሁ ነው። ገመዱ የቁምሳጥን ጠርዝ ላይ ተይዞ እጃችሁን መሃል ላይ ካስቆመው ደግሞ መጋዙ ይጣመማል። ጎንበስ ያለ ሰው የሚሸሽበት የለውም። ስለዚህ ረጅሙን ቆረጣ በረንዳ ላይ ጨርሱት። ውስጥ የሚቀረውን ሁለት ሚሊ ሜትር እኔ በእጅ መጋዝና በሞረድ ነው የምጨርሰው፤ ወጣቶቹ ይስቁብኛል።

እጅ ላይ ይነዝራል

ወዲያው ልቀቁት፣ ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ልባሱ ተበልቶ ወይም እርጥበት ገብቶ ይሆናል፤ የቤቱ የመሬት መስመር ከሌለ ደግሞ አደጋው ይብሳል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በሸበጥ ቆሞ «ትንሽ ነው» ብሎ መቀጠል አይሞከርም። ማሽኑ ወደ ጠጋኝ ይሂድ፤ የቀረችውን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ ብሱ።